የላይኛው መደርደሪያ አይጦች

በምርምር ተቋሙ ምድር ቤት፣ ኮሪደሩ የሚያልቅበት ላይ ካለው ድርብ በር ጀርባ፣ የአይጦች ክፍል አለ። እዚያ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች አንዲት ሴት ነበረች። ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ዳይሬክተሩ ድረስ የሚጠራት «እትዬ» እያለ ነው። እኛም ከሰው ተለይተን የትም አንደርስምና እትዬ እንበላት።

የሥራ መደቧ «የእንስሳት ተንከባካቢ» ይላል። ይህ በተራ ቋንቋ ሲፈታ ሰጋቱራ መቀየር፣ ሳጥን ማጠብ፣ የውኃ ጠርሙስ መሙላት፣ የሞተውን ማውጣትና መዝገብ ላይ ማስፈር ማለት ነው። ስለ አዲስ መድኃኒት ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ፎቶው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ። ሰጋቱራ ስትቀይር ፎቶ የተነሳች ሴት እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም። ግን አይጡ በወጉ ካልኖረ መድኃኒቱም በወጉ አይፈተንም። ይህን አይጦቹ ያውቃሉ፣ እትዬም ታውቃለች፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሰው ሲነግሩት ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

እትዬ ሥራዋን ታከብር ነበር። አይጥ ስታነሳ በጅራቱ አታንጠለጥልም፤ እፍኟን ዘርግታ ራሱ እስኪወጣበት ትጠብቃለች። እየሠራች ታወራቸዋለች። «እናንተዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆናችሁ ነው የተኮራረፋችሁት?» ትላለች። የሰጋቱራውና የሽንቱ ሽታ ከአፍንጫዋ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አንድ ሴት ልጅ አለቻት፣ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ፤ ያቺ ልጅ ግን በሩ ሳይከፈት «እማዬ መጣች፤ አይጦቿ ቀድመዋት ገብተዋል» ትላለች።

እትዬ አንድ ታናሽ ወንድምም ነበራት። ልብስ ሰፊ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ የልኬት ሜትሩም ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ ሰፈሩ «ሜትሮ» የሚል ስም አወጣለት። ምላሱ ከመቀሱ አይተናነስም ነበር። የሚያገባ ሰው ሱፍ ሊያሰፋ ሲመጣ «ወገብህን ለዛሬ ልለካው ወይስ ለከርሞ?» ይላል። ሰዉም እየሳቀ ይለካል፤ ከርሞም ሱሪውን ሊያስፋ ይመለሳል።

በአርባ ስድስት ዓመቱ አንድ ቀን ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃተው። ዓይኔ ነው ብሎ መነጽር አደረገ። ከወር በኋላ መቀሱ ከእጁ ወደቀ፤ ለዚህ ደግሞ መነጽር አይረዳም። ከዚያ ደረጃ ሲወጣ እግሩ ይጎተት ጀመር። ሐኪሞቹ ዞረው ዞረው ስሙን ነገሩት። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች አንድ በአንድ የሚሞቱበት በሽታ ነው። ከየት እንደሚመጣ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ከጣት ይጀምራል፣ እግርን ይወስዳል፣ ምላስን ይወስዳል፣ በመጨረሻም ትንፋሽን። አእምሮን አይነካም፤ ሰውየው ሁሉን እያወቀ ነው የሚሄደው።

እትዬ ከወንድሟ ጎን ተቀምጣ ያንን ስም ስትሰማ ማንም እንዲያስረዳት አልጠየቀችም። በየቀኑ የምታጥባቸው ሳጥኖች ላይ የተለጠፈ ስም ነበር። እሷ የምትንከባከባቸው አይጦች ያ በሽታ በዘራቸው እንዲኖር ተደርገው የተወለዱ ናቸው። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም አይጥ ይሯሯጣሉ፤ በሦስተኛው ወር የኋላ እግራቸው መጎተት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እትዬ በእጇ ነው የምታውቀው። ሐኪሙ ሲናገር የወንድሟን ጉልበት ይዛ ነበር። 

ሜትሮ ሱቁን ዘጋና ስፌት ማሽኑን ይዞ እትዬ ቤት ገባ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። «ስንቱን ድሬ የራሴን ሱፍ ሳልሰፋ ቀረሁ» ይል ነበር ድሮ፣ እየቀለደ።

ይህን በሽታ የሚያሳድደው ዶክተር ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ዝምተኛ፣ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎ ቀኑን ሙሉ የሚውል ሰው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስድስት መድኃኒት ሞክሮ ስድስቱም ከሽፈውበታል። ሰባተኛው ለሌላ ሕመም ሰዎች ብዙ ዘመን ሲውጡት የኖሩት አሮጌ ኪኒን ነበር። ሰውን እንደማይጎዳ ስለሚታወቅ፣ አይጦቹ ላይ ከሠራ ወደ ሕመምተኛው ለመሻገር ረጅም መንገድ አይጠብቀውም። እትዬ ይህን ስትሰማ ሌሊትና ቀን የምታስበው ነገር አገኘች።

ሙከራው እንዲህ ነው። ስልሳ አይጦች በስልሳ ሳጥን። ሠላሳዎቹ ሰማያዊ ወረቀት ተለጠፈባቸው፤ ሠላሳዎቹ ቢጫ። ዶክተሩ በየቀኑ ለሰማያዊዎቹ ከሰማያዊው ጠርሙስ፣ ለቢጫዎቹ ከቢጫው ጠርሙስ አንዳንድ ጠብታ በአፋቸው ይሰጣል። አንደኛው ጠርሙስ መድኃኒቱ ነው፤ ሌላው ባዶ ፈሳሽ። የትኛው የቱ እንደሆነ ዶክተሩ ራሱ አያውቅም። ዳይሬክተሩ ሳንቲም ወርውረው ወስነው፣ መልሱን በፖስታ አሽገው ካዝናቸው ውስጥ ቆልፈውበታል። ሰው የሚወደውን ነገር ሲያይ ዓይኑ ስለሚያደላ ነው እንዲህ የሚደረገው፤ ደግም ያደርጋሉ።

ዶክተሩ ደግሞ በበኩሉ ተጠነቀቀ። ጠብታውን ሲሰጥ ቀለም እንዳይቀላቀልበት ብሎ ሰማያዊዎቹን በሙሉ በላይኞቹ ሦስት መደርደሪያዎች ላይ፣ ቢጫዎቹን በሙሉ በታችኞቹ ሦስት ላይ ደረደራቸው። እንዳልሳሳት ብሎ የሠራው ነገር ነው።

እትዬ በዚያ ሰሞን ቤቷ ውስጥ ሌላ ሥራ ተምራለች። ሜትሮ ማኘክ ከብዶታል። ዳቦ በወተት ታርስና በትንሽ ማንኪያ ታበላዋለች። «አገጭህን ወደ ደረትህ» ትለዋለች፤ ይውጣል፤ ትጠብቃለች፤ እንደገና። አንድ ኩባያ ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሜትሮ በተሳሰረ ምላሱ «በዚህ ፍጥነት ሱፍ ብሰፋ ኖሮ ሙሽራው ሽማግሌ ሆኖ ይለብሰው ነበር» ይላል። የሚናገረውን አጣርታ የምትሰማው እሷ ነበረች።

ታዲያ አንድ ጠዋት፣ ሙከራው ሦስት ወር ሲሆነው፣ እትዬ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ሳጥን ስትስብ አይጡ የኋላ እግሮቹ ተዘርግተው አየችው። መኖው ያለው ከክዳኑ ላይ በተንጠለጠለ የሽቦ ቅርጫት ውስጥ ነው፤ ለመብላት ቀጥ ብሎ መቆም ያስፈልጋል። አይጡ አንገቱን ወደ ቅርጫቱ ያንጠራራል፣ ይወድቃል፤ እንደገና ያንጠራራል፣ ይወድቃል። አንጀቷን በላት። አንዱን ደረቅ መኖ አነሳችና በውኃ አርሳ፣ ለስለስ ሲል ከአፍንጫው ሥር አኖረችለት። በፊት እግሮቹ ይዞ በላ። እትዬ እየተመለከተችው አለቀሰች፤ ሜትሮን ያየች መስሏት ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እግራቸው መጎተት ለጀመረ ሁሉ ጠዋት ጠዋት መኖ እያራሰች መስጠት ልማድ ሆነባት። ዶክተሩ ጠብታውን ሊሰጥ አራት ሰዓት ላይ ሲወርድ እርጥቡ ተበልቶ አልቋል። የሰጠችው ግን ለላይኞቹ ብቻ ነበር። ምክንያቱ የሚያማት ጉልበቷ ነው። እርጥቡን ለማስቀመጥ ክዳኑን መክፈትና ሰጋቱራውን ጠረግ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለታችኞቹ ይህን ለማድረግ ቁጢጥ ማለት አለባት፤ ቁጢጥ ካለች ደግሞ ሳትደገፍ አትነሳም። ስለዚህ ከታች ያሉትን ከወገቧ ጎንበስ ብላ ሳጥኑን ትስባለች፣ ቅርጫቱን ትሞላለች፣ ጠርሙሱን ትቀይራለች፣ መልሳ ትገፋለች። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል። የላይኞቹ ከፊቷ ትይዩ ነበሩ፣ ዓይናቸውን ታያለች። የታችኞቹን ጀርባቸውን እንኳን በቅጡ አላየችም።

መዝገቡ ላይ «መኖ» የሚል ረድፍ አለ። «ተሰጥቷል» ብላ ጻፈች። ለሁሉም እንዲሁ። መኖው ያው መኖ፣ ውኃውም ያው ውኃ ስለሆነ ደብቄያለሁ ብላ አላሰበችም።

የመጨረሻው አይጥ ሞቶ ፖስታው የተከፈተ ዕለት ዶክተሩ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። ሸሚዙ እንደ ልማዱ ተዛንፏል።

«እትዬ፣ ሠራ» አላት።  «ሰማያዊው ነው መድኃኒቱ። በአማካይ ሠላሳ አንድ ቀን በልጠው ኖሩ።»

ለአይጥ ሠላሳ አንድ ቀን ማለት ለሰው ዓመታት ማለት ነው። እትዬ እጇ ላይ ያለውን ጓንት ሳታወልቅ ዶክተሩን ግንባሩን ሳመችው። እርጥቡን መኖ በዚያች ሰዓት ፈጽሞ አላስታወሰችውም። ደስታ እንዲህ ነው፤ አንዱን ነገር ብቻ ያሳይና ሌላውን ይጋርዳል።

ቤት ገብታ ለሜትሮ ነገረችው። እሱም «አይጥ ብሆን ኖሮ ተርፌ ነበር በይኛ» አለ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ግን ዓይኑ በርቶ ነበር። ዶክተሩ መድኃኒቱን መጀመሪያ የሚወስዱ ሃያ ሕመምተኞች መዝገብ ሲከፍት እትዬ ወንድሟን አስመዘገበች፤ ተመረመረ፤ ተቀባይነት አገኘ። የመጀመሪያው ቀጠሮ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሜትሮ ሌላ ሰው ሆነ። ጢሙን በየቀኑ እንድትላጭለት የእህቱን ልጅ ይለምናል። አንድ ቀን ጥጉን በአገጩ እያሳየ «ማሽኔን ዘይት ቀቡልኝ፤ ዝጎ እንዳይጠብቀኝ» አለ። እትዬ ቀባችለት። መንኮራኩሩን አዙራ ድምፁን አሰማችው።

ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዶክተሩ አንድ ወረቀት ይዞ ወረደ።

«ኮሚቴው የጠየቀው ነው» አላት። «ለሰው ከመሰጠቱ በፊት እንስሳቱን የያዘው ሰው መፈረም አለበት። እርስዎ ነዎት እንግዲህ።»

ወረቀቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «ሁሉም እንስሳት በሙከራው ጊዜ አንድ ዓይነት እንክብካቤና አንድ ዓይነት መኖ አግኝተዋል» ይላል፤ ከሥሩ የፊርማ መስመር። እትዬ አነበበችው። እንደገና አነበበችው። «አንድ ዓይነት» የሚለው ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ትዝ አላት። ከዚያ መደርደሪያዎቹ፣ ከዚያ ቀለሞቹ። 

«ዶክተር፣ መነጽሬን ረስቼዋለሁ፤ ነገ ልፈርም?»

መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ዶክተሩ የራሱን የሸሚዝ ቁልፍ የማያይ ሰው ነው፤ «ችግር የለም» ብሎ ሄደ።

ከሥራ እስክትወጣ ድረስ አሰበች። ሆድ ይፍጀው ብላ ብታልፍ ማን ያውቃል? አይጦቹ ሞተዋል፤ ቢኖሩም አፍ የላቸውም። ኪኒኑ ሰው አይጎዳም። ደግሞስ ሠርቶ ቢሆን? እርጥቡ ትንሽ፣ መድኃኒቱ ትንሽ ረድተው ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለች ራሷን ስታባብል ከኋላ የሚጎትታት ነገር አላጣችም። ስልሳዎቹን አንድ በአንድ በእጇ ነው ያወጣቻቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጣሪን ይቅርታ እየለመነች እዚያ ክፍል የገባችው፣ እነዚህ ፍጥረቶች የሚሞቱት አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው ብላ ነው። መልሱን እሷ ካጣመመችው በከንቱ ገደለቻቸው ማለት ነው። ዶክተሩም ይህን አገኘሁ ካለ ሌላ አይፈልግም። ገና ያልተሞከረው ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው ጠርሙስ ማቀዝቀዣው ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፤ የሌላ ሰው ወንድም ደግሞ ይጠብቃል።

ቤት ስትደርስ ሜትሮ ተላጭቶ ተቀምጧል። «ምነው ፊትሽ?» አላት። «ደክሞኝ ነው» አለችው። ዳቦውን በወተት አራሰች፤ አገጩን ዝቅ አደረገ፤ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ከሁሉ የከፋው ያ አርባ ደቂቃ ነበር።

በማግስቱ ዶክተሩ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ዶክተር፣ ይህን መፈረም አልችልም።»

«ለምን?»

«አንድ ዓይነት አልበሉም።»

ሁሉንም ነገረችው። መጀመሪያ ፈገግ አለ። «እርጥብ መኖ? እትዬ፣ ይኼማ ምን አላት...» ብሎ ጀመረና ቃሉን ሳይጨርስ ተነሳ። ተያይዘው ወረዱ። ባዶው መደርደሪያ ፊት ቆመ። የቀለሞቹ ወረቀቶች ገና አልተነሱም፤ ሰማያዊው ከላይ፣ ቢጫው ከታች።

«ሰማያዊውን በሙሉ ከላይ ያደረገው ማነው?» አለ።

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።» የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። «ሳንቲሙ በሌላው ገጽ ቢወድቅ ኖሮ ባዶው ፈሳሽ ሠላሳ አንድ ቀን ያስረዝማል ብዬ ልጽፍ ነበር። ያኔ ሰው ስቆብኝ በዚያው ቀን እንገላገል ነበር።» ቀና ብሎ አያት። «ወንድምዎ መዝገቡ ላይ አሉ እኮ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ።»

ለሰው መስጠቱ ተሰረዘ። ዳይሬክተሩ ለእትዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊጽፉ ሲሉ ዶክተሩ «እንግዲያውስ ለእኔም ይጻፍልኝ፤ የደረደርኩት እኔ ነኝ» ብሎ አስቆማቸው። ሙከራው ከሥር ከመሠረቱ እንዲደገም ተወሰነ። አዲስ ስልሳ አይጦች፤ ቀለም የለም፣ ቁጥር ብቻ፤ ቦታቸውም በዕጣ። ለሁሉም እርጥብ መኖ። ዶክተሩ ለጉልበቷ ከእንጨት የተሠራ ዝቅተኛ በርጩማ አመጣላት።

ለሜትሮ የነገረችው በዚያው ቀን ነው። ሌላ ሰው እንዲነግረው አልፈለገችም። ሰምቶ ሲጨርስ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተ ጠየቃት።

«ማን... ጠየቀሽ?»

«ማንም።»

«ማንም ሳይጠይቅሽ።»

«አዎ።»

«እታለም» አላት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነበር የሚጠራት። «አሳልፈሽ የሰጠሽው እኮ የኔን ዕድል ነው። ያንቺ አልነበረም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያን ቀን በኋላ ከእጇ አልበላም። ማንኪያውን ስታቀርብ ከንፈሩን ይገጥማል። ልጅቷ ጠዋት ወደ ሱቅ ሳትሄድ ታበላዋለች፣ ማታ ስትመለስ ታበላዋለች፤ ምሳ ሳይበላ ይውላል። እትዬ ኩባያውን አጠገቡ አስቀምጣ ትወጣለች፤ ስትመለስ እንዳለ ነው። ወትሮም ቀጭን የነበረው ሰውዬ አጥንቱ ይቆጠር ጀመር። ስፌት ማሽኑንም «ሻሽ አልብሱት» አለ። እትዬ ሥራ ቦታዋ፣ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ የሳጥን ማጠቢያው ማሽን ሲጮህ ጠብቃ ታለቅሳለች፤ እዚያ ማንም አይሰማትም። ትክክል ሠርቻለሁ ብላ ታምናለች። ትክክል መሥራት ግን አላጽናናትም። የሚያጽናና መስሎት የሚያወራ ሰው ካለ ደርሶበት አያውቅም።

ሁለተኛው ሙከራ ሰባት ወር ወሰደ። ጉዷን ተመልከቱ እንግዲህ፤ ያፈረሰችው እሷ፣ እንዳይፈርስ የምትጸልየውም እሷ። «ተሳስቼ ልገኝ» ትላለች በየጠዋቱ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ መኖ ስታርስ። «ሞኝ አድርገኝ። ሰው ሁሉ ይሳቅብኝ፣ መድኃኒቱ ግን ይሥራ።» ላንዱም አላደላችም። ከላይ ላለው ያህል ከታች ላለው፣ በማንኪያ እየለካች ሰጠች። የትኛው መድኃኒት እንደሚወስድ አታውቅም፤ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያየ ዓይን አለ። መድኃኒቱ ቢሠራ ኖሮ አንዳንዶቹ ሲወድቁ ሌሎቹ ቀጥ ብለው ሲቆዩ ታይ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አላየችም። እግራቸው የሚዝለው በአንድ ሰሞን ነው፤ የሚሞቱትም ተከታትለው ነው። ብቻ ሁሉም ቆዩ። ይሞታሉ ብላ ከጠበቀችበት ሳምንት አልፈው ቆዩ።

ፖስታው የተከፈተ ዕለት ዶክተሩ ደረጃውን በዝግታ ወረደ።

«እትዬ...»

«አውቄዋለሁ ዶክተር። ከኮቴዎ አውቄዋለሁ።»

«ምንም ልዩነት የለም። ግማሽ ቀን እንኳን።» ወረቀቱን አሳያት። «ግን ይኼን ይመልከቱ። መድኃኒቱን የወሰዱትም፣ ያልወሰዱትም፣ ካለፈው ሙከራ የታች መደርደሪያ አይጦች በሃያ ስምንት ቀን በልጠው ኖረዋል። እስከ ዛሬ የሞከርናቸው ሁሉ የተራቡ አይጦች ነበሩ ማለት ነው። በሽታው ይግደላቸው ረሃቡ ሳንለይ ነው የኖርነው። ይህንን እጽፈዋለሁ፤ የትም ያለ ሰው እንዲያውቀው። ስምዎን ላስገባው?»

«ስሜን ይተዉት» አለች እትዬ። «ጉልበቴን ይጻፉት፤ ያገኘው እሱ ነው።»

ዶክተሩ ሳቀ፤ ወዲያው ዓይኑ እንባ ሞላ። ይህን በሽታ ማሳደድ ከጀመረ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር አሁን። «ስምንተኛውን ሰኞ እንጀምራለን» ብሎ ወጣ።

እትዬ የዚያን ቀን በጊዜ ፈቃድ ጠይቃ ቤቷ ገባች። ልጅቷ ከሱቅ አልተመለሰችም። ሜትሮ መስኮቱ አጠገብ ወንበሩ ላይ ነው፤ አንገቱ በትራስ ተደግፏል። ከምላሱ ላይ የቀሩት ጥቂት ቃላት ነበሩ፤ እነሱንም የሚሰጠው ለልጅቷ ብቻ ነበር። ከፊቱ ተቀመጠች።

«አልሠራም» አለችው። «መድኃኒቱ ባዶ ነው። ያልኩት ሆነ። ባይሆን ነበር የምወደው፤ ውሸታም ብባል ነበር የምወደው።» ከዚህ በላይ መናገር አቃታትና አለቀሰች፤ በዚህ ሁሉ ወራት ከፊቱ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሜትሮ አያት። 

«እነዚያ...» አለ። «የራሰ... የበሉት።»

«እነሱማ ቆዩ። ሁሉም። ሃያ ስምንት ቀን።»

«ላይጥ... ብዙ ነው?»

«ለአይጥ ብዙ ነው።»

«ለሰውስ?»

«አላውቅም ሆዴ። የቆጠረው የለም።»

ትንፋሹን ሰበሰበ። የሚቀጥለውን ቃል ለማውጣት የፈጀበትን ጊዜ እትዬ ሳትንቀሳቀስ ጠበቀችው።

«ቁጠሪዋ» አለ፤ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ አፉን ከፈተላት።

ተነስታ ዳቦውን በወተት አራሰች። ሜትሮ ከዚያ በኋላ ከእህቱ እጅ እየበላ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቀን ኖረ።